ሦስት ኩብ፣ ሦስት መቶ ፔልሜኒ እና አንድ ወንበር

ለክቡር ቬኒያሚን አፖሎኖቪች ዡራቭስኪ
የኬድርስክ ከተማ የግንባታ ዕቃዎች ቤተ ሙከራ ዳይሬክተር
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ቬኒያሚን አፖሎኖቪች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለባለቤትዎ ጤና፣ እንዲሁም ለመሥሪያ ቤትዎ የማሞቂያ ቧንቧ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። ቧንቧውን ከሰው እኩል ማንሳቴ እንዳያስገርምዎ፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ በሙሉ ከእርሱ የመነጨ መሆኑን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እርስዎ ስለ እኛ ጤና ባይጠይቁም እንደጠየቁ ቆጥሬ እመልሳለሁ፦ ደህና ነን። ቀኝ ጉልበቴ ብቻ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ሲያልፍ ያጉረመርማል፤ እርሱም ቢሆን ከከተማችን ሬዲዮ ይልቅ ትክክለኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በእጄ ጽፌ አምጥቼልዎ ነበር። ሁለቱም በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ መልካም ማረፊያ አግኝተዋል፤ አንደኛው እንዲያውም የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ሲያገለግል በዓይኔ አይቻለሁ። ጋዜጣው ላይ ብርጭቆ ቢቀመጥበት እንኳ ሌላ ብዙ ቅጂ አለ ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ የርሞላይ ሳቪች ፒክቲን ነው። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። አርባ አንድ ዓመት አርማታ ስሞላ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን «ጥንቸል» የተባለው የሕፃናት መዋያ አዲሱ ክፍል የሚሠራበት ግቢ ጠባቂ ነኝ። በትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የተማርኩት ከአንድ ወፍራም የአርማታ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለጠፋ ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ግን በቃሌ እወጣዋለሁ። ገጹ የሚለው ቀላል ነው፦ የሙከራ ኩብ፣ ማለትም ጥንካሬው እንዲፈተን ከዚያው አርማታ የሚሞላው ቁራጭ፣ ከሕንፃው ጋር በአንድ ብርድ ይኑር።

ነገሩ የሚመለከተውን ሁሉም ሰው እንዲረዳው በግልጽ ላስቀምጥ። የአዲሱ ክፍል ሶሌታ፣ ማለትም የታችኛው አዳራሽ ጣሪያ የላይኛውም ፎቅ ወለል የሆነው አርማታ፣ ዛሬ በሃያ አራት የእንጨት ባላዎች ተደግፎ ቆሟል። በእርስዎ ፊርማ በወጣው ትእዛዝ መሠረት አርብ ማርች 14 ባላዎቹ ይነቀላሉ፤ ሰኞ ሪባን ይቆረጣል፤ ማክሰኞ ስድሳ ሁለት ሕፃናት ምሳቸውን በልተው ከሶሌታው በታች ይተኛሉ። የአዳራሹ ቁልፍ ያለው በእኔ ኪስ ነው። ይህ ደብዳቤ እስከሚጻፍበት ሰዓት ድረስም ከኪሴ አልወጣም።

ደብዳቤዎቼ ያላገኙትን መልስ ቁልፉ አግኝቷል። በማርች 6 የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። «ያልተማረ ግትር ሽማግሌ» የሚለውን አገላለጽ በተለይ ወድጄዋለሁ፤ ከሦስቱ ቃላት ሁለቱ ፍጹም እውነት ናቸው፤ ይህ ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ ከወጡ ወረቀቶች ሁሉ ከፍተኛው የትክክለኛነት መጠን ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መድኃኒቱ።

አርማታ ውስጥ ውሃ አለ። ሲሚንቶው ገና ሳይጠነክር ውሃው ከቀዘቀዘ በረዶው አሸዋውንም ጠጠሩንም አንድ ላይ ጨብጦ ይቆማል፤ ለዓይን ድንጋይ ነው፣ በመዶሻ ቢመቱት ይጮኻል። ጉዱ የሚወጣው ሲቀልጥ ነው። ለዚህ ነው እዚህ እኛ ዘንድ በብርድ ወራት አርማታ የሚሞላ ሰው ወይ የሚያሞቀው፣ ወይ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ፀረ-ውርጭ መድኃኒት የሚጨምርበት፣ ጠንቃቃ ከሆነም ሁለቱንም የሚያደርገው።

ቤተ ሙከራዎ ባለፈው ዲሴምበር «ብርድ-አይነኬ» የተባለውን አዲስ መድኃኒት መርምሮ ከዜሮ በታች እስከ ሃያ አምስት ዲግሪ ድረስ ያለ አንዳች ማሞቂያ እንደሚሠራ በክብ ማኅተም መስክሯል። በጃንዋሪ 17 የ«ጥንቸል»ን ሶሌታ ስንሞላ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ አራት ነበር። እኔ ጠባቂ ነኝ፤ አያገባኝም። ሆኖም አፌ ከእጄ ቀድሞ ጡረታ ስላልወጣ፣ ፎርማኑን አርኪፕን ሸራውን ዙሪያውን አጥብቀን ከሥሩ እሳት እናንድድ አልኩት።

አርኪፕ ሳቀ። «ሳቪች፣ ወረቀቱን አላዩትም እንዴ? ማኅተም አለው እኮ! ብርዱ ማኅተሙን አይቶ ይመለሳል።»

«ብርድ ማንበብ አይችልም» አልኩት።

«እርስዎም ከአራተኛ ክፍል አላለፉም፣ ግን ያው ያነባሉ» ብሎ ሠራተኞቹን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ነበረች። ከዚያም ከላይ አንድ ሸራ ጣል አድርገውበት ሻይ ሊጠጡ ገቡ።

ሦስት ኩብ ተሞልቶ በደንቡ መሠረት ወደ እርስዎ ቤተ ሙከራ ተላከ። እኔ ደግሞ የአርባ አንድ ዓመት አመሌ ስላልለቀቀኝ፣ ከመጨረሻዋ የእጅ ጋሪ ላይ ለሦስት ኩብ የሚሆን ጠይቄ፣ በሳንቃ በሠራኋቸው ቅርጾች ሞልቼ፣ እዚያው ሶሌታው ላይ፣ እዚያው ሸራ ሥር አስቀመጥኳቸው። ማኅተም የላቸውም። ብርድ ግን ነበራቸው።

በፌብሯሪ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዤ ወጥቼ የሶሌታውን ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሜ አፈሰስኩበት፤ ከዚያ ምስማር ይዤ በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ገባ። መዶሻ አላስፈለገኝም።

አርኪፕ ከታች ሆኖ «ሳቪች፣ ሶሌታውን ሻይ እያጠጡት ነው እንዴ? ስኳርስ?» አለኝ። ወጥቶ ምስማሩን እንዲያይ ጠራሁት። አየው። ነቅሎም ራሱ መልሶ ገፋው። «የላዩ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ደህና ነው» አለ፤ ግን ስለ ስኳሩ ከዚያ በኋላ አላነሳም።

ሁለተኛ፤ ስለ በረንዳው። ይህ ረዘም ይላል፤ እባክዎ ይቀመጡ። ስለ መቀመጥ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፌብሯሪ 14፣ ኩቦቹ ሃያ ስምንት ቀን የሞላቸው ዕለት፣ የሚፈተኑበትን ክብር ለማየት በእግሬ ወደ ቤተ ሙከራዎ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የመዝገብ ሠራተኛዋ ራይሳ ቲሆኖቭና ተቀበለችኝ። ሴትየዋ አንድ ዘመድ የሞተባት ትመስላለች። ምን ሆንሽ ከማለቴ እጄን ይዛ ወደ በረንዳው ወሰደችኝ።

«ሳቪች፣ ይህን ግፍ ይመልከቱልኝ! ሦስት መቶ! ሦስት መቶ ፔልሜኒ ሥጋውን ፈጭቼ፣ ሊጡን ዳምጬ፣ አንድ በአንድ በሊጡ ጠቅልዬ፣ እስከምቀቅላቸው ድረስ እዚህ እንዲቀዘቅዙ አስቀመጥኩ። ዛሬ ማታ አማቼ ይመጣል። ምን ላበላው ነው? ይሄን?» አለችና ከትሪው ላይ የሕፃን ትራስ የሚያህል አንድ ወጥ ሊጥ በሁለት እጇ አነሳች። ፔልሜኒዎቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው አንድ ሕዝብ ሆነዋል። «ዱቄቱ ነው። የዘንድሮ ዱቄት ዱቄት አይደለም።»

ክቡርነትዎ፣ በኬድርስክ የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በብርድ ወራት ፔልሜኒ በረንዳ ላይ ወጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠጠር ይሆናል። እናቴ በጆንያ ውስጥ እንደ ለውዝ እያንኳኳች ትለካው ነበር። በፌብሯሪ ወር በረንዳ ላይ የላላ ፔልሜኒ ካየሁ ዱቄቱን አልጠረጥርም። ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

በረንዳው ባለፈው መከር፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ሠራተኞች እንዳይበርዳቸው፣ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ከላይ እስከ ታች በመስታወት ተዘግቷል። ለሠራተኛ ጤና ያለዎትን አሳቢነት አደንቃለሁ። ወደ ኮሪደሩ የሚያስወጣው በር ደግሞ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ምክንያቱም የማሞቂያ ቧንቧው (ጤና ይስጠው) ኮሪደሩን እንደ እንፋሎት መታጠቢያ ስለሚያግለው፣ ሠራተኛው ትንሽ አየር እንዲያገኝ በሩ ቀን ከሌት አይዘጋም። እንዳይዘጋም አንድ የአርማታ ኩብ ተደግፎበታል። መስኮቱ ጥግ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ላይ ሽንኩርት ተቀምጦ አንድ ስንዝር አረንጓዴ ቅጠል አውጥቷል። በሽንኩርቱና በሟቹ ፔልሜኒ መካከል፣ በመደርደሪያው ላይ፣ የእኛ ሦስት ኩቦች በሰላም ተቀምጠዋል። ኮት ሳልለብስ ብቆም አይበርደኝም ነበር።

«ራይሳ ቲሆኖቭና፣ ዱቄቱ ንጹሕ ነው» አልኳት። «በረንዳው ነው።»

«በረንዳው ምን ሆነ? ውጭ አይደለም እንዴ?»

መዝገቡን አምጥታ አሳየችኝ። በውብ የእጅ ጽሑፏ «የማቆያ ቦታ፦ ውጭ። ሙቀት፦ ከዜሮ በታች 24» ይላል፤ በቀጣዩ ቀን 26፣ በቀጣዩ 23፤ አንድም ቀን አልተዘለለም። ቴርሞሜትሩ የታለ ብዬ ጠየቅኋት።

«ቴርሞሜትር ምን ያደርጋል? ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት ይናገር የለ!»

ሁልጊዜ በኪሴ የምይዘውን ቴርሞሜትር አውጥቼ ከኩቦቹ አጠገብ ሩብ ሰዓት አቆየሁት። ከዜሮ በላይ ስድስት አሳየ። ራይሳ ቲሆኖቭና አየችው፤ ሽንኩርቱን አየች፤ ሊጡን አየች። «ኧረ በጌታ! እኔ እኮ ለዱቄት ሻጯ ያልተናገርኳት የለም!» አለች። እርሷን አልወቅስም፤ ደመወዟ የሚከፈላት ለጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከእኔ በኋላ ሄዳ ዱቄት ሻጯን ይቅርታ እንደጠየቀች ሰምቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ እስከ ዛሬ ይቅርታ የጠየቀ ሰው እርሷ ብቻ ናት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኩቦቹ መጭመቂያው ሥር ገቡ፤ ከሙሉ ጥንካሬያቸው ሰባ አራት በመቶ ደርሰው ተገኙ። እንኳን ደስ አለዎት! በመስታወት ቤት፣ በሞቀ ኮሪደር አጠገብ፣ ከሽንኩርት ጋር ያደገ ኩብ ሰባ አራት በመቶ ብቻ መድረሱ እንዲያውም አሳፋሪ ነው፤ ሽንኩርቱ የተሻለ አድጓል። የዲሴምበሩ ሙከራም የተደረገው እዚያው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ መዝገቡ ይመሰክራል። እንግዲህ «ብርድ-አይነኬ» የተባለው መድኃኒት ስሙ ፍጹም ተገቢ ነው፤ በሕይወቱ አንድም ቀን ብርድ ነክቶት አያውቅምና።

እርስዎ በሦስት ኩብ ምስክርነት ላይ ተመሥርተው ፈርመዋል። ከዚያው መደርደሪያ ላይ ሦስት መቶ ፔልሜኒ በተቃራኒው መስክረዋል። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የብዙኃኑን ድምፅ እቀበላለሁ።

ሦስተኛ፤ ሦስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ ኡስቲኒያ አንብባ «ይሄን ጋዜጣ ልጆችም ያነቡታል» ብላ ስላስወጣችው፣ ባዶውን ቦታ በራስዎ ግምት እንዲሞሉት በትሕትና እጋብዝዎታለሁ። ከእውነቱ ብዙም አይርቁም።

አራተኛ፤ በማስጠንቀቂያዎ ላይ «የኩሽና ሙከራ» ብለው ስለጠቀሱት።

ቃሉ ትክክል ነው፤ ሙከራው የተደረገው ኩሽና ውስጥ ነው። ሶሌታው ላይ ካደሩት ሦስት ኩቦቼ አንዱን በጆንያ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። በመንገድ ላይ በመዶሻ ብመታው እንደ ደወል ጮኸ፤ ጎረቤቴ መስኮት ከፍቶ ማን እንደመጣ ጠየቀ። ከምድጃው አጠገብ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ምሳዬን በላሁ። ከምሳ በኋላ ጥጎቹ ጠፉ። ሻይ ስንጠጣ ወገቡ ሰፋ። ከሰዓት በኋላ ሳፋው ውስጥ የነበረው እርጥብ ጠጠርና አሸዋ ነበር፤ ኡስቲኒያ በእንጨት ማንኪያ አማሰለችው።

«ሠላሳ ሁለት ሰው አዝዤ ኖሬያለሁ እያልክ የምትኮራበት ሥራ ይሄ ነው?» አለችኝ።

«ይሄ የእኔ አይደለም፤ የዳይሬክተሩ ነው።»

«እንግዲያው ውሰድለት። ሳፋዬን ግን መልስ።»

ሳፋውን በረዶ ላይ በሚጎተት ሸርተቴ ጭኜ አመጣሁልዎ። ጸሐፊዎ «ዳይሬክተሩ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ያመጣውን ናሙና አይቀበሉም» አለችኝ። ልክ ነዎት። ናሙናው ማኅተም አልነበረውም፤ ማኅተም ቢመታበትም ይሰምጥ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ግትርነቴ። እዚህ ላይ የምከራከረው የለኝም። ሆኖም ሁሉም ሰው ከእኔ ጋር እንዳልነበረ፣ ቁልፉንም በደስታ እንዳልያዝኩት እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

የመዋያው ኃላፊ ፋይና ማርኮቭና አዲሱን ክፍል ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። በአሮጌው ክፍል አልጋ ስለማይበቃ ትንንሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ይተኛሉ። ቁልፉን እንዳልሰጥ የሰማች ዕለት እስከ ጥበቃ ቤቴ ድረስ መጣች፤ መሐረቧን እንኳ በትክክል አላሰረችም።

«ሳቪች፣ እርስዎ እኮ በአንዲት ቁልፍ ስድሳ ሁለት ልጅ ይዘውብኛል! አልጋዎቹን አስገብቻለሁ፣ አንሶላውን ተኩሻለሁ፣ ወላጆች በየቀኑ ይጠይቁኛል። እርስዎ ሰው አይደሉም፣ ግድግዳ ነዎት!»

ግድግዳ መባል ለእኔ ስድብ አይደለም። ሁለተኛውን ኩብ ከሶሌታው ላይ አወረድኩት። አሮጌው ክፍል ወጥ ቤት ውስጥ፣ በራሷ ድስት፣ በራሷ ምድጃ ላይ አስቀመጥነው። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ተኝተው ነበርና በሹክሹክታ ነው የምናወራው። ድስቱ ውስጥ የመጀመሪያው ጥግ ሲናድ «ጠስ» የሚል ትንሽ ድምፅ ሰጠ። ፋይና ማርኮቭና ዘወር ብላ ወደ መኝታው በር ተመለከተች። ከዚያ ከወገቧ የቁልፍ ዘለላዋን ፈታች፤ የአዳራሹ ሁለተኛ ቁልፍ እርሷ ዘንድ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ሁለት ሁለት ሆነው ይተኙ» አለች።

ስለዚህ በማስጠንቀቂያዎ ላይ «ቁልፉን ያስረክብ» የሚለው ቃል መታረም አለበት። ቁልፎቹ ሁለት ናቸው።

ባላዎቹን እንዲነቅል የታዘዘው ፎርማኑ አርኪፕም፣ ሳፋውን ካየ ወዲህ ጎኑን እያመመው እንደሆነ ነግሮኛል። የትኛው ጎን እንደሆነ ብጠይቀው «ሶሌታው ሥር ስገባ የሚያመኝ ጎን» አለኝ። ወጣት ነው፤ ይማራል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ሶሌታው ይፍረስ አላልኩም። የቀዘቀዘ አርማታ አንዳንዴ ይድናል፤ ባላዎቹ ሳይነቃነቁ፣ መስኮቶቹ ተዘግተው፣ ከሥሩ ማሞቂያ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ የቀረው ሲሚንቶ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ላይጀምርም ይችላል። ይህን የሚያውቀው እኔ አይደለሁም፣ እርስዎም አይደሉም፣ ሬዲዮውም አይደለም። በሜይ ወር ከራሱ ከሶሌታው ላይ ናሙና ተቦርቡሮ ወጥቶ ሲፈተን ይታወቃል። ቢድን እኔ ራሴ ባላዎቹን ነቅዬ፣ ቁልፎቹን በትሪ ላይ አቀርብልዎታለሁ፤ ጋዜጣው ላይም «ዳይሬክተሩ ልክ ነበሩ» ብዬ በትልቁ አስጽፋለሁ። ባይድን የሚፈርሰው አርማታ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን የማርች ፀሐይ ከአሁኑ ጣሪያውን ማንጠባጠብ ጀምራለች፤ እርስዎ ባላዎቹ ይነቀሉ ያሉት በረዶው ፊርማውን ሊያነሳ በተዘጋጀበት ሳምንት ነው።

እኔን ማመን እንደማይገባዎ ስለምረዳ፣ ለሳይንስ ሰው የሚስማማ ሙከራ አዘጋጅቻለሁ።

በእኛ ሙያ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ድልድይ ተሠርቶ ጭነት የጫኑ መኪናዎች ሲነዱበት፣ የፈረመው ሰው ከድልድዩ በታች ይቆማል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሆኖም አርማታው የእኔ እጅ ሥራ ስለነበረ ሦስት ጊዜ ከፈረመው ሰው ጎን ቆሜያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በእግሬ ወጥቻለሁ፤ ኩቦቻችን ከድልድዩ ጋር በአንድ ብርድ ስለነበሩ ተረጋግተን ሲጋራ እናጨስ ነበር።

በዚህ መሠረት፣ አርብ ማርች 14 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ክቡርነትዎ በ«ጥንቸል» አዲሱ አዳራሽ እንዲገኙልኝ በታላቅ አክብሮት እጋብዛለሁ። በአዳራሹ መካከል፣ ከሶሌታው እምብርት በታች፣ አንድ ወንበር አስቀምጫለሁ። ከልጆቹ ወንበሮች አይደለም፤ ከቤቴ ያመጣሁት፣ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ነው። ራይሳ ቲሆኖቭና ትራስ ሰፍታለታለች፤ ይህኛው የጨርቅ ነው። ኡስቲኒያ ትኩስ ሻይ ትልካለች። እርስዎ ተመቻችተው ሲቀመጡ ሁለቱንም ቁልፎች በእጅዎ አስረክባለሁ፤ ከዚያም ባላዎቹ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ፣ በሥነ ሥርዓት ይነቀላሉ። አርኪፕ ጎኑ ካልተሻለው እኔ ራሴ ከውጭ ሆኜ በገመድ እስባቸዋለሁ። ሃያ አራተኛው ሲወድቅ ማስጠንቀቂያዎን ፊት ለፊትዎ ቆሜ በሕዝብ ፊት አነብባለሁ፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ከጎንዎ ግን አልቀመጥም፤ የእኔን ኩቦች ውጤት አውቃለሁና።

ለመቀመጥ ጊዜ ካጡ፣ «ባላዎቹ እስከ ሜይ ይቆዩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፈው ቢልኩልኝ ይበቃል። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። ወንበሩ እስከ አርብ ድረስ ካለበት አይነሳም።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ብርዱን ከሩቅ ሆነው በሬዲዮ እየተከታተሉ ስላሳዩን ሳይንሳዊ ጥንቃቄ፣ እንዲሁም እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ለሥራ ስላስነሱኝ ያለኝን የማያልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ኮሪደርዎ ምንጊዜም ይሙቅ፣ በረንዳዎ ግን አንድ ቀን ብርድ ይየው ብዬ በመመኘት፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የእርስዎ ያልተማረ፣ ግትር፣ ታዛዥ ያልሆነ አክባሪ፣

የርሞላይ ሳቪች ፒክቲን
የሁለት ቁልፍና የአንድ ኩብ ጠባቂ
ኬድርስክ፣ ማርች 11

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ለጋዜጣው ላደርስ ስል የእርስዎ ሾፌር ወደ ግቢው መጣ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የወንበሩ ወሬ ከደብዳቤው ቀድሞ ደርሶዎት ኖሯል። ሰውየው ወደ አዳራሹ ገብቶ ወንበሩን ዞረው፣ ቀና ብሎ ሶሌታውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያም «ሳቪች፣ አለቃ ጠይቅ ብለውኝ ነው፤ ወንበሩ ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ ቢል ይቻላል ወይ?» አለኝ።

ክቡር ቬኒያሚን አፖሎኖቪች፣ ይህ ከቤተ ሙከራዎ እስከ ዛሬ የወጣ የመጀመሪያው አስተማማኝ ውጤት ስለሆነ፣ እንዳይጠፋ በጥበቃ መዝገቤ ላይ በዚያው ሰዓት አስፍሬዋለሁ። ናሙና፦ አንድ ዳይሬክተር። የማቆያ ቦታ፦ በሩ አጠገብ። ውጤት፦ ባላዎቹ ይቆዩ።